በእግር የሚለካ ሥነ ጽሑፍ

ስለ ጎንደር የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከግንብ ተነሥቶ እዚያው ግንብ ላይ ያበቃል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ የቆረቆሯት ከተማ ሰባት ሄክታር ያህል መሬት በሚከብ አጥሯና በ12 በሮቿ ትታወቃለች፤ ዩኔስኮም በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት ስሙን የሰጠው ለዚሁ ግቢ ነው። የጎንደር የሥነ ጽሑፍና የሥዕል ታሪክ ግን ከግቢው ቢነሣም በግቢው አይወሰንም። ያ ታሪክ የተሠራው በቦታዎች መካከል ባለው ርቀት ነው ብዬ አምናለሁ፦ በንጉሡ ጽሕፈት ቤትና በደብሮቹ መካከል፣ በላይኛውና በታችኛው ሰፈር ጉባኤ ቤቶች መካከል፣ በክርስቲያኑ ሰፈርና ወደ ግርጌ እንዲወርዱ በተደረጉት ሰዎች ሰፈር መካከል። መጽሐፍ ይህን ርቀት ሊነግረን ይችላል። ርቀቱ በተማሪው ጉልበት፣ በመምህሩ ድምፅና በሠዓሊው ሸራ ላይ ያደረገውን ግን ዳገቱን የወጣ ሰው ይበልጥ ይረዳዋል። ስለዚህ በጎንደር በእግር መሄድ የሽርሽር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አንድ የማወቂያ መንገድ ነው።

ከግቢው እንጀምር፤ የሚመሰክረው ነገር አለውና። ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት ብዙውን ዘመናቸውን ያሳለፉት በድንኳን ከተማ ነው። ጦሩ ሲነቀል ከተማው ይነቀላል፤ ዜና መዋዕል ጸሐፊውም ብራናውንና ቀለሙን ይዞ ይከተላል። ንጉሡ በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለው ኮረብታ ላይ ሲረጋ ግን ለተጻፈው ነገር ማደሪያ አስፈለገ። የዐፄ ፋሲል ልጅ ዐፄ ዮሐንስ፣ ጻድቁ ዮሐንስ የሚባሉት፣ በግቢው ውስጥ ቤተ መጻሕፍትና ጽሕፈት ቤት አሠሩ። ዐፄ ኢያሱ የራሳቸውን ግንብ ጨመሩ። ዐፄ ዳዊትም ከ1708 እስከ 1713 ዓ.ም. በቆየው አጭር ንግሥናቸው ለዘፈንና ለመዝሙር የሚሆን አዳራሽ ሠሩ። በእነዚህ ሕንፃዎች መካከል የሚያልፍ ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለው ቅርበታቸውን ነው። ዙፋኑ፣ መኝታው፣ ብራናውና ዘፈኑ በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው፤ ጸሐፌ ትእዛዙ የሚጽፈው ንጉሡ ጠርቶ ሊያሰማው በሚችልበት ርቀት ነበር። የዘመኑ ዜና መዋዕል ድሉን ሁሉ ለንጉሥ፣ ጥፋቱን ሁሉ ለዐመፀኛ የሚሰጥበት ምክንያት ከዚህ ቅርበት ተነጥሎ አይታይም። ሌላም ነገር አለ፦ ቤተ መጻሕፍቱ ከግንቦቹ ጎን ሲታይ አነስተኛ ሕንፃ ነው። ያን ያህል ሊቅ ያፈራች ከተማ ንባቧን ሁሉ በእነዚያ ጥቂት ክፍሎች ውስጥ አላኖረችም። ታዲያ የት አኖረችው? ይህ ጥያቄ ነው ከበሩ የሚያስወጣን።

መልሱ በደብሮቹ ዙሪያ ነው። ጎንደር የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ትባላለች። ቁጥሩ በትክክል ይቆጠር አይቆጠር ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ አጠራሩ ከተማዪቱ ራሷን እንዴት እንደምታይ ያሳያል፤ በአንድ ቤተ መንግሥት ሳይሆን በብዙ ደጀ ሰላም። እያንዳንዱ ደብር ዙሪያ የተማሪ ጎጆ ነበር፤ እያንዳንዱ ጎጆ ውስጥ በቃሉ የሚያጠና ልጅ ነበር። በጎንጅ ወይም በዋሸራ ቅኔ የተቀኘ፣ በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከረ፣ በዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት የዘለቀ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጃፉ ቁራሽ እየለመነ ወደ ጎንደር የሚመጣው ለአቋቋምና ለመጻሕፍት ትርጓሜ ነበር። የትምህርት ቤቱ ሥርዓት ራሱ በመንገድ የተዘረጋ ነው፤ እያንዳንዱ ሙያ የየራሱ አገር፣ እያንዳንዱ አገር የየራሱ መምህር አለው። የኢትዮጵያ ሊቅ ማለት በመሠረቱ ብዙ የተራመደ ሰው ነው። ጎንደርም በዚህ ጉዞ ውስጥ መድረሻ እንጂ ብቸኛ ምንጭ አልነበረችም፤ ይህን መዘንጋት ለከተማዪቱም ለገጠሪቱም ጉባኤ ቤት ፍርደ ገምድልነት ነው።

የክርክሬ ዋና ምስክር የትርጓሜ ቤት ታሪክ ነው። በጎንደር ዘመን የመጻሕፍት ትርጓሜ በሁለት ወገን ተከፈለ፤ አንዱ የላይ ቤት፣ ሌላው የታች ቤት ተባለ። የታች ቤቱን ትርጓሜ ያደራጁት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት መምህር ኤስድሮስ እንደሆኑ ሊቃውንቱ ይተርካሉ፤ አጠራሩም መምህራኑ በከተማዪቱ ከነበራቸው መኖሪያ፣ አንደኛው ከላይ ሌላኛው ከታች ከመሆኑ የመጣ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሰጠው የታች ቤቱ ነው። በሌላው ዓለም የትርጓሜ ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚጠሩት በመሥራቻቸው ወይም በአቋማቸው ነው፤ እዚህ ግን የኮረብታው አቀማመጥ ለአንድ ታላቅ የአሳብ ልዩነት ስም ሆነ። ይህ በአጋጣሚ የተገኘ ጌጥ አይመስለኝም። የአንድምታ ትርጓሜ ጠባይ አንዱን ፍቺ ከሰጠ በኋላ ሌላውን ሳይሽር ጎን ለጎን ማቆም ነው። እንዲህ ያለ ትርጓሜ እንዲያድግ ብዙ መምህራን በአንድ ከተማ ተቀራርበው መኖር፣ ተማሪውም ከአንዱ ወንበር ተነሥቶ ሌላውን ሄዶ መስማት መቻል አለበት። በአንድ ገዳም ተዘግቶ የሚኖር መምህር የራሱን ፍቺ ያጠልቃል፤ ጎረቤቱ የሚያስተምረውን የሚሰማ መምህር ግን የሌላውንም ፍቺ ቆጥሮ ማለፍ ግዴታው ይሆናል። የቅባትና የተዋሕዶ ወገኖች የሃይማኖት ክርክር በነገሥታቱ ፊት በጉባኤ ይደረግ የነበረውም በዚሁ ዘመን ነው፤ ተከራካሪው የባላጋራውን ቃል ከአፉ እየሰማ ነበር የሚመልሰው። ርቀቱ ለመለያየት የበቃ፣ ለመደማመጥም ያልራቀ ነበር፤ አንድምታ የዚህ ርቀት ልጅ ነው።

አቋቋሙም እንዲሁ ቦታ አለው። የጎንደር በአታ የአቋቋም ማስመስከሪያ ሆና የቆየች ደብር ናት፤ ዜማው፣ ጽናጽሉ፣ የመቋሚያው አነሣሥ ሁሉ በዚያ ቅኔ ማሕሌት ሚዛን ይለካ ነበር። አለቃ ገብረ ሐና ሕዝቡ በቀልዳቸው ብቻ ያስታውሳቸዋል፤ ቅር የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ትልቅ የዝማሜ ፈጣሪ ነበሩ። የተክሌ የሚባለው አቋቋም የእሳቸው ድርሰት ሲሆን መጠሪያውን ያገኘው ከልጃቸው ነው፤ ጎንደር እንዳልተቀበለችውና ደብረ ታቦር እንደተቀበለችው ትውፊቱ ይናገራል። ዛሬም የጎንደር በአታና የደብረ ታቦር ተክሌ እየተባሉ ሁለቱ ለየብቻ ይጠናሉ። አንድ የሰውነት እንቅስቃሴ በአንዱ ከተማ ነውር፣ ጥቂት ቀን በእግር በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ሥርዓት መሆኑ፣ ጥበብ በአየር ላይ እንደማይንሳፈፍ ያስረዳል። በአንድ ወለል ላይ፣ በሚተዋወቁ ሰዎች ዓይን ፊት ነው የሚጸድቀው ወይም የሚወድቀው።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል። የጎንደር ሥነ ጽሑፍ ጎንደር የለም፤ ተጓዡ ባዶ ቤት ነው የሚዞረው ይባላል። ተቃውሞው በማስረጃ የታጠቀ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ሲመለስ ይዟቸው ከሄዳቸው ብራናዎች መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ፤ አንዱ ፓሪስ፣ ሌላው ኦክስፎርድ ገባ። ዐፄ ቴዎድሮስ በኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደርን ባስዘረፉና ባቃጠሉ ጊዜ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጓዙ። በ1860 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን ምርኮ በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ጭኖ ወረደ፤ 350 ያህል ብራናዎች ለንደን ገቡ። በ1924 ዓ.ም. በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ጉዞ ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕሎቹን አንሥቶ በምትካቸው ቅጂ አስቀመጠ፤ ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ታዲያ ጎንደርን ማጥናት የሚፈልግ ሰው ጫማውን ከሚጨርስ የአውሮፕላን ቲኬት ቢቆርጥ አይሻልም ወይ?

ለንደንና ፓሪስ መሄድ ለሚችል ሰው መሄዱ መልካም ነው፤ ብራናዎቹ ይመለሱ የሚለውን ጥያቄም በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ነገር ግን ተቃውሞው አንድ ስሕተት ተሸክሟል፤ ሥነ ጽሑፍ ማለት ብራና ነው ብሎ ይነሣል። የጎንደር ታላቁ ድርሰት በአብዛኛው ብራና ላይ አልሰፈረም። ቅኔ ለዕለቱ በዓል ይዘረፋል፤ ዛሬ የተሰማው ለነገ አይደገምም፤ ባለቅኔው ያወጣው ወርቅ በሰሚው ጆሮ ካልቀረ በሌላ የትም አይቀርም። አንድምታውም ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ሲተላለፍ ኖሮ በብዛት ወደ ማተሚያ ቤት የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የእንግሊዝ ዝሆን ይህን መጫን አልቻለም። ብራናዎቹ ራሳቸውም ቢሆኑ በኅዳጋቸው ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የምስክር ስም፣ የደብር ስም ተጽፎባቸዋል። በለንደን የንባብ ክፍል ያንን ኅዳግ የሚያነብ ሰው የቦታ ዝርዝር ነው የሚያገኘው፤ የቦታዎቹን ዝምድና፣ የትኛው ደብር ለግቢው ቅርብ የትኛውም ሩቅ እንደነበረ፣ ዝርዝሩ አይነግረውም። መጽሐፉና መንገዱ ተቆራርጠው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሌላውን የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ሥዕሉ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ዐፄ ኢያሱ የመሠረቷት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከግቢው ወጣ ብላ፣ 12 ማማዎች ባሉት ግንብ በታጠረ ዐጸድ ውስጥ ትገኛለች፤ ዛሬ የሚታየው ሕንፃ ከእሳቸው ዘመን በኋላ እንደተሠራ አጥኚዎች ይናገራሉ። የጣሪያዋ መላእክት በፎቶግራፍ ዓለምን ዞረዋል። ፎቶግራፉ የሚያሳየው ግን ጣሪያውን ብቻ ነጥሎ ነው። በውስጧ የቆመ ሰው ሰማዕታት ፈረሰኞችን በአንድ ወገን፣ የእመቤታችንን ታሪክ በሌላው ወገን፣ ስቅለትንና ሥላሴን ደግሞ ከመቅደሱ መግቢያ በላይ ያገኛል፤ መላእክቱም ከሁሉ በላይ ሆነው ወደ እሱ ያያሉ። ሥዕሉ የተሣለው በመሐሉ ለሚቆምና ለሚዞር አካል ነው። ደግሞም በግድግዳው ላይ በቀጥታ አልተሣለም፤ በጥጥ ሸማ ላይ ተሥሎ ነው የተለጠፈው። የአባ እንጦንስን ሥዕሎች ጠቅልሎ ወደ ፓሪስ መውሰድ የተቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሽመና በጎንደር በአብዛኛው የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤል ሥራ ነበርና፣ ሥላሴ የተሣለበትን ሸማ ከኮረብታው ግርጌ የሚኖር እጅ ሸምኖታል ብሎ መገመት ከእውነት የሚርቅ አይመስለኝም። የሥዕሉ አሣሣልም እንዲሁ ከሩቅ የመጣ መንገድ አለበት። አጥኚዎች የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል በሚሉት ውስጥ በሮም በ1590 እ.ኤ.አ. አካባቢ በዐረብኛ የታተመው ወንጌል ሥዕሎች እንደ አብነት አገልግለዋል። ሁለተኛው አሣሣል፣ ጥላና ብርሃን የበዛበትና ልብሱ ያጌጠው፣ ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጋር ይያያዛል፤ እቴጌዪቱ በጣና ደሴት በናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። የእሳቸው ደብር ቁስቋም ከግቢው በስተሰሜን ምዕራብ በሌላ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ሆኖ ግቢውን ወደ ኋላ የተመለከተ ሰው፣ አንዲት እቴጌ የራሷን ቤተ መንግሥት፣ የራሷን ደብርና የራሷን ሠዓሊዎች ከነገሥታቱ አጥር ውጪ ማቆሟ ምን ያህል ድፍረት እንደነበረ ይገባዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቁስቋም ላይ ይነሣል፤ ዛሬ የምናየው እኮ አሮጌው አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ጠፍተዋል፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ የንብ መንጋ እንዳዳናት የአገሩ ሰው ይናገራል። ግንቦቹም በጣሊያን ጊዜና ከዚያም በኋላ ተጠግነዋል። ስለዚህ ተጓዡ በአዲስ ድንጋይ ላይ አሮጌ ታሪክ እያለመ ነው ቢባል፣ በከፊል እውነት ነው። እግር የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ኖራ ከ20ኛው ሲሚንቶ አይለይም፤ ይህን የሚለየው ያጠና ዓይንና የተጻፈ ማስረጃ ነው። ለዚህም ነው መራመድ ማንበብን ይተካል ብዬ የማልከራከረው። ነገር ግን እሳት ቦታን አያነሣም። የተቃጠለው ደብር የታነጸው በብዛት በዚያው በነበረበት ዐጸድ ነው፤ ዳገቱ ያው ዳገት፣ ከአንዱ ደብር ደወል እስከ ሌላው ደወል ያለው ርቀትም ያው ነው። ከተማ ስትዘረፍ፣ ስትቃጠልና ስትታደስ ከሁሉ ያነሰ የሚለወጠው አቀማመጧ ነው፤ ዳገቱን ማንም ጭኖ ሊወስደው አይችልም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። እንዲህ ያለ ጉዞ የባለሥልጣንን ታሪክ ያደምቃል፤ ግንቡን ያቀናው፣ ሸማውን የሸመነው፣ ማጭዱን የቀጠቀጠው ሰው የት አለ? ተቃውሞው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ጉዞውን መተው ሳይሆን ማርዘም ነው። በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ፤ አዲስ ዓለም የሚባለው ሰፈር የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ቤተ መጻሕፍት ያሠሩት ንጉሥና ይህን የወሰነው መንግሥት አንድ ናቸው፤ ሁለቱን ለየብቻ ማስታወስ አይገባም። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ደግሞ ወለቃ አለች፤ በግንበኝነት፣ በአንጥረኝነት፣ በሸክላ ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤል የኖሩባት መንደር። እነሱም ኦሪትን በግእዝ ያነቡ፣ በግእዝ ይጸልዩ ነበር። በአንድ ከተማ አካባቢ ሁለት ሃይማኖት በአንድ የተቀደሰ ልሳን ያመልክ ነበር ማለት ነው፤ የጎንደርን ሥነ ጽሑፍ የሚተርኩ ብዙ ጽሑፎች ግን ይህን ሳያነሡ ያልፋሉ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያ በኋላ የወለቃ ቤተሰቦች ወደ እስራኤል ሄዱ። የከተማዪቱ አዝማሪም በዚሁ ወገን ሊቆጠር ይገባዋል፤ በቅኔ ማሕሌቱ የሚወደደው ሰምና ወርቅ በማሲንቆው ላይም ይሠራ ነበር፣ ብራና ግን አልተቆረጠለትም። አጥሩ አጠገብ የሚቆም ጉብኝት ይህን ሁሉ አያሳይም። አንድ ሰው ከግቢው ወለቃ ድረስ በእግሩ ቢሄድ፣ በጸሐፌ ትእዛዙና በሸክላ ሠሪዋ መካከል ምን ያህል መንገድ እንደነበረ፣ ያ መንገድም በሕግና በንቀት ምን ያህል እንደረዘመ ይረዳል።

ስለዚህ ጎንደርን ለማየት የምትነሡ ሁሉ፣ ለግቢው ግማሽ ቀን ስጡት፤ የቀረውን ቀን ለበአታ፣ ለደብረ ብርሃን፣ ለቁስቋም፣ ለአዲስ ዓለምና ለወለቃ። ከተቻለ በበዓል ሌሊት ማሕሌት ቁሙ፤ ካህን ስታገኙ ስለ ግንቡ ሳይሆን ስለ መምህሩ ጠይቁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የከተማዪቱ ባህል ጽሕፈት ቤትም የላይ ቤትና የታች ቤት ወንበሮች የት የት እንደነበሩ ከመምህሮቻቸው የሰሙ ሊቃውንት በሕይወት ሳሉ ቦታዎቹን አብረዋቸው ዞረው በካርታ ላይ ያስፍሩ። ብራናውን ከለንደን ለማስመለስ ብዙ ድርድር ይጠይቃል፤ ይህ ግን የማንንም ፈቃድ የማይጠብቅ የጥቂት ወራት ሥራ ነው።